የመረቡ በር ጠባቂ

ጠጋ ጠጋ በሉ። በሩንም ቀርቅሩት። ጄኔሬተሩ ዝም ብሏል፤ ስንሻው ሄዶ እስኪያየው ድረስ በዚች ፋኖስ ነው የምንቆየው፤ ጋዟም ብዙ አይደለችም። አንተ ሰይፉ፣ ያን ስልክህን አጥፋ። በስልክ መብራት እንዲህ ያለ ወሬ አይወራም።

ስንሻው ብቻውን ነው የወጣው? በዚህ ጨለማ ብቻውን ለቀቃችሁት? እሺ፣ አንዴ ሄዷል። ሲመለስ ግን ዝም ብላችሁ እንዳትከፍቱለት። «የማን ልጅ ነህ?» በሉት። የእናቱን ስም ይጥራ፤ ከዚያ ትከፍታላችሁ።

ሳቁ፣ ግድ የለም። እኔም በባሕር ኃይል ተቀጥሬ ወደዚህ ዳርቻ የመጣሁ ጊዜ ስቄያለሁ። የደጋ ልጅ ነበርኩ፤ ከሐይቅ የሰፋ ውሃ አይቼ አላውቅም። ሳቄን ያስጣሉኝ የዚህ አገር ሽማግሌዎች ናቸው። ከዚህ ወደ ላይ፣ የጨው ሜዳው ካለቀ በኋላ፣ አንዲት የዓሣ አጥማጆች መንደር ነበረች። ስሟን አልነግራችሁም። እዚያች መንደር አንዲት እናት ነበረች፤ የእሷንም ስም አልነግራችሁም። ለምን? ስጨርስ ይገባችኋል።

እንግዲህ ስሙኝ። ሰዓቱ እንዲህ እንደ አሁኑ ነበር። ጨረቃ የለችም። ነፋሱ ከየብስ ወደ ባሕር ይነፍሳል። ከመንደሯ ወደ ውሃው የሚወስድ አንድ ጠባብ መንገድ አለ፤ ግራ ቀኙ አሸዋ ነው፣ ጫፉ ላይ አንዲት ታንኳ ታስራለች። በዚያ መንገድ ማታ ማታ አንድ ሰው ብቻውን ይወርዳል። ማን ነው? ሐንፈሬ ይባላል። ወዴት ይሄዳል? ወደ ሥራው። ሥራው ምንድን ነው? በር ጠባቂ ነው። ባሕር ላይ የቆመ በር ነው የሚጠብቀው።

ባሕር ላይ ደግሞ ምን በር አለ ትሉኝ ይሆናል። ያኔ ነበር። ጊዜው ፈረንጆች እርስ በርሳቸው የሚተላለቁበት የዓለም ጦርነት ነው። ወደቡን የያዙት ፈረንጆች ከሁሉ አብልጠው አንድ ነገር ይፈሩ ነበር፤ ባሕር ሰርጓጅ። ከውሃ በታች ተደብቆ ገብቶ መርከቦቻቸውን በተኙበት ይመታብናል ብለው ይፈሩ ነበር። ምን አደረጉ? ዓሣ አጥማጅ የሚያደርገውን አደረጉ። መረብ ጣሉ። ግን የክር መረብ አይደለም፤ የብረት ነው። ከባሕሩ ወለል እስከ ላይ የሚደርስ፣ የወደቡን አፍ ከዳር እስከ ዳር የዘጋ መረብ። አንዱ ቀለበት ብቻ ሰው ራሱን ቢያስገባበት ትከሻው ላይ ሲደርስ ይይዘዋል። ከላይ ደግሞ ትላልቅ ባዶ የብረት በርሜሎች አንሳፍፈው ይይዙታል። ሰይፉ፣ የተቀመጥክበት ምን ይመስልሃል? አዎ፣ ከነዚያ አንዱ ነው። አትነሳ፤ እስካሁን ምን አደረገህ?

ያንን መረብ የምትጥል አንዲት የተለየች መርከብ ነበረች። እንደ ጦር መርከብ አታስፈራም፤ መድፏም ይህን ያህል አይደለም። ግን ከፊቷ ሁለት የብረት ቀንዶች ወጥተውላታል። በነዚያ ቀንዶች ላይ ሰንሰለቱን ሰቅላ መረቡን ወደ ውሃ ትለቀዋለች፤ ሲበላሽም ጎትታ ታወጣዋለች። የመንደሩ ሰው «ባለ ቀንዷ» ይላት ነበር። ብቅ ያለች ቀን እናቶች ልጆቻቸውን ከዳር ይሰበስባሉ። ሽማግሌዎቹ ደግሞ አንድ ነገሯን ጨርሶ አልወደዱላትም። ዓሣ አጥማጅ መረቡን ጥሎ ይጠብቃል፤ የያዘለትን ያነሳል፣ የማይፈልገውን ይለቃል። ይቺ ግን ትጥልና ትታው ትሄዳለች። ክረምት ከበጋ ውሃ ውስጥ የሚያድር መረብ፣ አሉ ሽማግሌዎቹ፣ አንድ ቀን ሰው ሳይዝ አይቀርም።

መረቡ መሃሉ ላይ በር አለው። ከበሩ አጠገብ ሞተር የሌላት የብረት ጀልባ በመልሕቅ ታስራ ትቆማለች፤ በላይዋ ሰንሰለት የሚጠቀልል መዘውር አለ። መዘውሩን ወደዚህ ስታዞረው በሩ ይከፈታል፣ ወደዚያ ስታዞረው ይዘጋል። ሐንፈሬ የሚያድረው እዚያች ጀልባ ላይ ነው። ሕጉ አጭር ነው፤ ፀሐይ ስትጠልቅ በሩ ይዘጋል፣ ፀሐይ እስክትወጣ ለማንም አይከፈትም። ከየብስ አረንጓዴ መብራት ካልበራ ለማንም። በራሱ ፈቃድ የከፈተ ይረሸናል። የፈረንጆቹ አዛዥ ይህን በአስተርጓሚ ነገረው፤ አስተርጓሚውም የራሱ አንገት ያለበት ይመስል ደጋግሞ አስረዳው።

መንደሩም የራሱ ሕግ ነበረው፤ ከፈረንጆቹ ሕግ የቆየ። ሌሊት ከባሕር የሚጣራ ሰው ስሙን ከእናቱ ስም ጋር ይናገራል። እኔ እገሌ ነኝ፣ የእገሊት ልጅ። ለምን መሰላችሁ? ጂን የሰው ስም ያውቃል። ያንተንም ያውቃል፣ የእኔንም ያውቃል። የእናት ስም ግን አያውቅም፤ እናት የለውማ። እንግዲህ የእናቱን ስም የጠራ ሰው ነው። ሰው ከሆነ ደግሞ፣ ደመኛህም ቢሆን፣ ወርደህ ገመዱን ትቀበለዋለህ። ሲሞትም እንደዚያው ነው። መቃብሩ አፋፍ ላይ ሼኹ ጎንበስ ብሎ በእናቱ ስም ይጠራዋል። በእናቱ ስም ሳይጠራ የተቀበረ መንገዱ ይጠፋዋል ይላሉ።

የሐንፈሬ አባት ሞቷል። ያሉት ሁለት ወንድማማቾችና እናታቸው ናቸው። ታናሹ ጣሃ ይባላል፤ ሳቂታ ልጅ ነው፤ ሳምቡክ የምትባል ባለ ሸራ ጀልባ አለችው፣ በሷ ዓሣ ያጠምዳል። አመሻሽ ላይ ሲመለስ ገና ከሩቅ የእናቱን ስም ይጠራል። ቀን በፀሐይም ይጠራታል፤ ማንነቱ ሳይጠፋት፣ ለጨዋታ። እሷም ድምፁን ስትሰማ ፋኖሷን አብርታ ደጃፏ ላይ ትቆማለች። ሁለቱንም ትወዳለች፤ ግን እናት አይደለች፣ ዓይኗ የሚንከራተተው ባሕር ላይ ላለው ነው።

አንድ ቀን ጣሃ ዘገየ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ዞሮ ከባሕር መጣ፣ ሰማዩም ጠቆረ። ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። ሐንፈሬ ወደ ውጭ አየ። ሸራ አለ? የለም። ትንሽ ልቆይለት አለ? አላለም። መዘውሩን አዞረ። በሩ ተዘጋ።

ከዚያ ጨለመ። ማዕበሉ ተነሣ። ሐንፈሬ ከመረቡ ወዲያ ማዶ ድምፅ ሰማ።

«ሐንፈሬ! ጣሃ ነኝ! ክፈትልኝ!»

ድምፁ ቀረበ። ጣሃ አሁን የእናቱን ስም ጠራ። ጥርት አድርጎ ጠራ። የእሷ ልጅ ነኝ አለ፣ የእናትህ ልጅ ነኝ አለ፣ ሸራዬ ተቀዷል፣ ነፋሱ ወደ ብረቱ እየገፋኝ ነው አለ። ሐንፈሬ ወደ የብስ ዞሮ አየ። አረንጓዴ መብራት አለ? የለም። እጁ መዘውሩ ላይ ነው። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ተዉት፣ አትመልሱልኝ። እዚህ ተቀምጦ ጀግና መሆን ቀላል ነው። እኔ በመፍራቱ አልፈርድበትም፤ ጥይት ያስፈራል። ግን ምን አደረገ መሰላችሁ? ፋኖሱን እፍ ብሎ አጠፋው። ወንድሙ እንዳያየው።

ወዲያው እንጨት ብረት ሲመታ ተሰማ። እንደገና ተሰማ። ከዚያ በኋላ ነፋሱ ብቻ ነበር።

ጠዋት ባለ ቀንዷ መጣች። ሰንሰለቱን በቀንዶቿ ላይ ሰቅላ መረቡን አወጣችው። ምን ወጣ? የተቀደደ ሸራ፣ የሳምቡኳ መሪ እንጨት፣ የጣሃ ሸሚዝ። ጣሃስ? ጣሃ የለም። ፈረንጆቹ ሸራውን በጩቤ እየቆረጡ ከቀለበቶቹ አላቀቁት፣ መረቡን መልሰው ጣሉት፣ ባለ ቀንዷም ሄደች። እናትየው ዳር ቆማ ይህን ሁሉ አየች። አላለቀሰችም። ሐንፈሬ በታንኳው ሲመጣ ጠበቀችውና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው።

«ጠራኝ ወይ?»

ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። ጠርቶሻል ቢል መንደሩ ምን ይለዋል? በእናቱ ስም የተጣራውን ወንድሙን አስቀርቶ የገደለ ይለዋል። እሷስ እንዴት ታየዋለች?

«አልጠራሽም እናቴ» አላት። «የኔን ስም ብቻ ነው የጠራው። ጂን መስሎኝ ነው።»

መንደሩ አመነው። ጂን ከመሰለው ምን ያድርግ አለ። እናትየው ግን «ልጄ በሞት ሰዓቱ ረሳኝ» አለችና ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበችው። ከዚያ ወዲያ ማታ ማታ በሯን ገርበብ አድርጋ፣ ፋኖሷን አብርታ፣ ፊቷን ወደ ባሕር አዙራ ትቀመጣለች። አሁንም ይጠራኝ ይሆናል ብላ ነው። አያችሁ፣ የሐንፈሬ በደል በሩን አለመክፈቱ ብቻ አይደለም። ያቺን ሴት ልጅሽ ረስቶሽ ሞተ ማለቱ ነው። እኔ ይህን ሳስበው እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ቆይ። ሰው ያንኳኳል። ሰይፉ፣ አትክፈት፣ ጠይቀው። ስንሻው ነኝ አለ? የማን ልጅ? ምን አለ? አልሰማሁም፤ በዚህ ነፋስ እንዲህ አንሾካሹኮ ማን ይሰማዋል፣ ጮክ ይበል። «የአንጓች ልጅ!» እንዲህ ነው። ክፈቱለት። ና ግባ፣ አትቆጣ፣ እዚህ አጠገቤ ተቀመጥ። ላብ በላብ ሆነሃል፤ ሮጠህ ነው የመጣኸው? ጄኔሬተሩስ? ናፍጣ አልቋል? ይሁና። አንጓችን እኔ አውቃታለሁ፤ ከጨው ሜዳው ማዶ ሻይ ቤት ያላት አይደለች? ልጄ ሲመጣ ደጅ እንዳይቆም ብላ በሯን ሳትቀረቅር የምታድር ሴት። እንዲህ አድርጋ ነው አንተን ያሞላቀቀችህ። በሩን መልሳችሁ ቀርቅሩት።

የት ነበርን? አዎ፣ ጣሃ ከሞተ በኋላ ጨረቃ የጠፋችበት ሌሊት መጣ። ሐንፈሬ ጀልባው ላይ ተቀምጧል። ባሕሩ ተኝቷል። ድምፅ ሰማ። ኳ። ምንድን ነው? በመረቡ ጫፍ ካሉት በርሜሎች አንዱን የሆነ ነገር መታው። ማዕበል ነው አለ። ማዕበል አለ? የለም። ኳ። አሁን ቀጥሎ ያለው በርሜል ነው። ኳ። ከዚያ ቀጥሎ ያለው። በርሜል በርሜሉን እየነካ ወደ እሱ የሚመጣ ነገር አለ። ሊነጋ ሲል፣ ከጀልባው ጎን ካለው በርሜል ላይ ሲደርስ ቆመ።

ሐንፈሬ ለማንም አልተናገረም። ሌላም ሌሊት መጣ። ፋኖሱን አጠገቡ አስቀምጧል። ነፋስ የለም። ፋኖሱ ጠፋ። ሲጠፋ ግን ሐንፈሬ በጆሮው ሰማ፤ እፍ የሚል የሰው ትንፋሽ። እሱ ያን ሌሊት እንዳጠፋው፣ ልክ እንደዚያው።

ከዚያስ? ከዚያማ መዘውሩ ነው። ማንም ሳይነካው ሲጥ ብሎ ትንሽ ዞረና ቆመ። ሐንፈሬ ዘሎ ተነሣ። ከውሃው ውስጥ እጅ ወጣና የጀልባዋን ጠርዝ ያዘ። የሰው እጅ ነው። ጥፍሮቹ በብረት ዝገት ቀልተዋል። ከእጁ በታች የሚታይ የለም፤ ጨለማ ነው። ከጨለማው ድምፅ መጣ። የተቆጣ ድምፅ እንዳይመስላችሁ። መንገድ የጠፋው ሰው ነው የሚመስለው።

«ሐንፈሬ፣ የማን ልጅ ነኝ?»

መልሱን ያውቀዋል አይደል? ያውቀዋል። አፉ ግን እንቢ አለው። እጁ ትንሽ ጠበቀ፤ ከዚያ አንድ በአንድ ጣቶቹን አላቀቀና ወደ ውሃው ተመለሰ።

ሲነጋ ወደ ሼኽ ኢሳ ሮጠ። የመንደሩ ሼኽ ናቸው፤ ታሪኩን ለመንደሩ ያወጡትም ኋላ እሳቸው ናቸው። ሁሉንም ነገራቸው። አልረገሙትም። ተግሣጽም ስብከትም አላበዙበትም። «ፀሐይ ሳትጠልቅ እናትህ ዘንድ ሂድ» አሉት። «ጠርቶሻል በላት። ሌላ ምንም አትጨምርበት።»

ሄደ። ደጃፏ ላይ ቆመ። የፋኖሷን ብርጭቆ በጨርቅ ትወለውላለች። ቀና ብላ ምነው ልጄ፣ ፊትህ ጠቁሯል አለችው። አንዲት ቃል እኮ ናት! አንዲት ቃል። ደህና ነኝ፣ ላይሽ ብዬ ነው አላት። ደህና እደሪ ብሏት ሄደ። ሰው ጥይት የሚፈራውን ያህል የእናቱን ዓይን ይፈራል።

በጠባቡ መንገድ ሲወርድ አንድ ሐሳብ መጣለት፤ እውነቱን ከመናገር የቀለለ ሐሳብ። ወንድሜ መግባት ነው የፈለገው አለ። ያኔ ያልከፈትኩለትን በር ዛሬ እከፍትለታለሁ፣ ይገባል፣ ያርፋል። እዩልኝ እንግዲህ። ለሕያው ያልከፈተ ሰው ለሙት ሊከፍት ነው።

ሲጨልም ፋኖሱን አጠፋና መዘውሩን አዞረ። ሰንሰለቱ ጮኸ። በሩ ተከፈተ። የገባ ነገር አየ? ምንም አላየም። ውሃው ብቻ ጀልባ እንደሚያልፍበት ለሁለት ተከፈለ። በአጠገቡ የእርጥብ ሸራ ሽታ አለፈ። ይቆማል ብሎ ጠበቀ፤ አልቆመም። ስሙን ይጠራኛል ብሎ ጠበቀ፤ አልጠራውም። ያለፈው ነገር ወደ የብስ፣ ወደ መንደሩ አቀና። ሐንፈሬ ያኔ ገባው። ጣሃ ወደብ ምን ያደርግለታል? የሚፈልገው እናቱን ነው።

ከዳር ድምፅ ተሰማ። ጣሃ እንደ ድሮው፣ እንደ ጨዋታው ጊዜ፣ የእናቱን ስም ጠራ። ገርበብ ካለው በር ፋኖስ ወጣ። ሐንፈሬ ከጀልባው ላይ ሆኖ ያያል። ፋኖሱ በጠባቡ መንገድ ይወርዳል። እየሮጠ ነው የሚወርደው። ያቺ አሮጊት ትሮጣለች! ልጇ ጠርቷት፣ ለምን አትሮጥ? ሐንፈሬ ቁሚ እናቴ ብሎ ጮኸ። ጠርቶሻል፣ ያኔም ጠርቶሻል ብሎ ጮኸ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። ነፋሱ ከየብስ ነው የሚነፍሰው፤ ድምፁን መልሶ አፉ ላይ ጣለበት።

ፋኖሱ ውሃው ዳር ደረሰ። አልቆመም። ገባ። ጠፋ ትላላችሁ? አልጠፋም። ከውሃ በታች ሆኖ ይበራል። ብርሃኑ በባሕሩ ወለል ላይ እየሄደ መጣ፣ ከሐንፈሬ እግር ስር፣ ከጀልባዋ ስር አለፈ፤ በተከፈተው በር ወጣ። ወደ ሰፊው ባሕር ሄደ። ሐንፈሬም ተከትሎት ዘለለ።

ጠዋት ፈረንጆቹ በሩን ተከፍቶ፣ ጀልባዋን ባዶ አገኙ። ባለ ቀንዷ ተጠራች። መረቡን ስትጎትተው ሐንፈሬ አብሮ ወጣ። ራሱን በአንዱ ቀለበት አስገብቶ፣ ትከሻው ላይ ተይዞ፣ ቆሞ፤ ፊቱን ወደ ሰፊው ባሕር አዙሮ፣ አፉ ተከፍቶ። ፈረንጆቹ ጦርነት ላይ ናቸው፤ ጊዜ የላቸውም። በሸራ ጠቀለሉት፣ ብረት አሰሩበት፣ ጥልቁ ላይ ጣሉት። ሼኹ አልተጠሩ፣ መንደሩ አልተጠራ። በእናቱ ስም የጠራው ሰው የለም።

ጦርነቱም አለቀ። ባለ ቀንዷ መረቧን ሰብስባ አገሯ ገባች። ጥቂት በርሜሎች ዳር ተጥለው ቀሩ። ሐንፈሬም ቀረ።

ከዚያ ወዲህ፣ ጨረቃ በሌለች ሌሊት፣ በዚህ ዳርቻ የሚሄድ አለ። ብቻውን የሚሄድ ሰው ያገኘ እንደሆነ ከኋላ ይከተለዋል። በሰማው ስም ሁሉ ይጣራል። የራሱን እናት ስም ግን አያውቀውም፤ ጠፍቶበታል። እሱን ሲፈልግ ነው የሚያድረው። ያንን ቢያጣ የማንም እናት ስም ይበቃዋል። ሲያገኝስ ምን ያደርጋል? የስሙ ባለቤት ዘንድ ይሄዳል። ደጃፏ ቆሞ፣ በልጇ ድምፅ ይጠራታል። እናት ልጇ ሲጠራት ምን ታደርጋለች? ለዚህ ነው የዚያችን ሴት ስም ያልነገርኳችሁ። ለዚህም ነው በዚህ አገር የእናት ስም በር ላይ አፍን አስጠግቶ በሹክሹክታ የሚነገረው። ሌሊት፣ ደጅ ላይ፣ ጮክ ተብሎ አይ...

ቆይ። ስንሻው። ቅድም ደጅ ላይ ቆመህ ጮክ ብለህ ነው የተናገርከው። አንተማ በሹክሹክታ ብለህ ነበር። ጮክ ይበል ያልኩ እኔ ነኝ።

ዝም በሉ። ዝም። ሰማችሁ? ደጅ ሰው አለ። ሰይፉ፣ ከበሩ ራቅ። ምንድን ነው ያለው? «ስንሻው ነኝ» ነው ያለው? ስንሻውማ ይኸው፣ እጁን ይዤዋለሁ። ማንም እንዳይመልስለት። አትጠይቁት።

ተናገረ። «የአንጓች ልጅ ነኝ» አለ።

እግሩ ይሰማችኋል? እየሄደ ነው። ወደ ባሕሩ አይደለም። በጨው ሜዳው በኩል ነው የሚሄደው።

ተነሡ። ሁላችሁም ተነሡ፣ እጅ ለእጅ ተያያዙ፤ ማንም ብቻውን እንዳይወጣ። ፋኖሷን ስጡኝ። ስንሻው፣ ልጄ፣ እናትህ ዛሬም በሯን አልቀረቀረችም?